ሳይጸዳ የተሰጠ ቦታ

የሃምሳ ዘጠኝ ቀኗ ሕፃን ሆስፒታል ስትደርስ በሩ «ሲጋራውን ተዉት ወይስ አሁንም ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቃት።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 2079 ነበር፤ ከተማው ደብረ ብርሃን። የልጅቷ እናት ብርቅነሽ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። የከተማው በሮች እርጅና ተጫጭኗቸው መቀባጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት የገበያው በር አንዱን ሙክት «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ» ብሎ አስገብቶ ከተማው ሳምንት ሙሉ ስቆበታል።

ሳቁ የበረደው አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ነው። ልጅቷን ትኩሳት ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ስትተነፍስ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል። የአልጋው መሣሪያ አካሏን አነበበና ለሰባ አራት ኪሎ ሰው የሚበቃ መድኃኒት መቅዳት ጀመረ። ሲስተር ዘሀራ የምትባለዋ ነርስ ቱቦውን በእጇ ቆልምማ ባትይዘው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሲስተር ዘሀራ ክብደቱን አስተካክላ አምስት ኪሎ ብላ ሞላች። መሣሪያው አልቀበልም አለ። ሰው በአንድ ጠዋት ከሰባ አራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ አይወርድም፤ በተጨማሪም የታዘዘው የሳንባ ምች መድኃኒት በሽተኛው ላለፉት ሃያ ዓመታት ከሚወስደው የልብ መድኃኒት ጋር አይስማማም ሲል አስጠነቀቀ። ኦክስጅኑን ብቻ ሳያንገራግር ሰጠ።

እማዋይሽ ይህን ሁሉ ከብርቅነሽ በስልክ የሰማችው በከተማው መዝገብ ቤት ከአራተኛው መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው እዚያ መስኮት ላይ አካል ስታወጣ ነው። በዚያ ዘመን «አካል ማውጣት» ይባላል፤ ድሮ መታወቂያ ማውጣት ይባል እንደነበረው ማለት ነው። ልዩነቱ መታወቂያ ቤት ተረስቶ ሊቀር መቻሉ ነው። አካል ግን ሰው በሄደበት ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል። በሩ የሚከፈተው ለአካሉ ነው፤ ቧንቧው የሚፈሰው ለአካሉ ነው፤ አውቶቡሱም የሚቆመው አካሉን አይቶ ነው። አካል የሌለው ሰው ፌርማታ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ቢውል አውቶቡሱ ባዶ መንገድ እንዳየ ሆኖ ያልፈዋል። ሥጋና ደም ለብቻው ማንንም የትም አያደርስም።

ሥራውን ያስተማሯት ጋሼ ጎሹ የሚባሉ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ አዛውንት ናቸው። የመዝገቡን አንጀት የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ነበሩ። መዝገቡ የተጻፈው ሲ በምትባል፣ ከተፈጠረች መቶ ዓመት ባለፋት የማሽን ቋንቋ ነው። የጻፉት ሰዎች አልቀዋል፤ ከእነሱ ወዲህ ደፍሮ የነካው የለም። ሁሉም በላዩ ላይ አዲስ ነገር እየደራረበ፣ ከሥር ያለውን ላለመቀስቀስ በእግሩ ጣት ይሄዳል።

«ስሚ እማዋይሽ» ይሏት ነበር ጋሼ ጎሹ፣ «ሲ ቸር አከራይ ናት። ቦታ ስጪኝ ካልሻት ትሰጥሻለች። ግን ጠርጋ አትሰጥሽም። የቀድሞው ተከራይ ምን ጥሎ እንደወጣ አይገዳትም። መጥረግ ያንቺ ፈንታ ነው።»

ስለዚህ አካል የሚወጣው በተራ ነው። መጀመሪያ ቦታ ይጠየቃል። ከዚያ ሦስት መደቦች ይነባበራሉ፤ ከሥር ሰው፣ በሱ ላይ ዜጋ፣ በዜጋ ላይ ነዋሪ። ሰው የዜጋ ወላጅ ነው፣ ዜጋ የነዋሪ ወላጅ ነው፤ ወላጁ ተሞልቶ ሳያልቅ ልጁ አይነካም። በእያንዳንዱ መደብ ቦታው ይጸዳል፣ ከዚያ መነሻው ይሞላል፤ የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ደሙ፣ ጤናው፣ ሠፈሩ። መጨረሻ ላይ ስም ይገባል፤ ስም ሲገባ አካሉ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ብዙው ነገር አይለወጥም። ስም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ አንዴ ከገባ እስከ መቃብር ያው ነው።

ጣጣውም ያለው ስሙ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ክርስቲያን ልጁን ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሳል። ድሮ የቤት ስም ቀደም ብሎ ይወጣ ነበር ይባላል። ስም የማይፋቅ ከሆነ ወዲህ ግን ሰው ፈራ፤ ክርስትናው ሳይደርስ ስም መጥራት እንደ ሟርት ይቆጠር ጀመር። እስከዚያ ድረስ ወንዱ «ማሙሽ» ሴቷ «ሚጣ» ናት፤ መንደሩ በማሙሽና በሚጣ ተሞልቷል። መዝገቡ በበኩሉ ስም የሌለው ልጅ አያውቅም። ሰማንያ ቀን ያለ አካል የተቀመጠ ሕፃን ክትባት አያገኝም፤ ታሞም ቢመጣ የሆስፒታሉ በር አያየውም። እናቶች ይህን ሲሰሙ መስኮቱን ይዘው ያለቅሳሉ። እማዋይሽ ደግሞ እንባ ሲያዩ ቶሎ ከሚረቱት ናት።

በመዝገቡ ስክሪን ጥግ ላይ «ይቆይ» የምትል አነስተኛ ቁልፍ አለች። ማን ለምን እንደሠራት አይታወቅም። እማዋይሽ ያገኘቻት ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። ቁልፏን ገና ከመነሻው የተጫነ እንደሆነ የመጀመሪያው መደብ ይሞላል፣ ሁለቱ እንዳሉ ይተዋሉ፣ አካሉ ግን ወዲያው ይወጣል፤ በአንድ አፍታ። ልጁ ይከተባል፣ በር ይከፈትለታል። አርባ ወይም ሰማንያ ቀን ሲሞላ ወላጆቹ ስሙን ይዘው ይመለሳሉ፤ የቀረው ተሞልቶ ስሙ ይገባና ይዘጋል። ሃያ አራት ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድም ልጅ ምንም አልሆነም። ለምን ቢባል፣ ቦታው ሁሉ ማንም ያልኖረበት አዲስ ስለነበረ ነው። ማንም ያልኖረበት ቤት ቢጠረግም ባይጠረግም ባዶ ነው። እናቶቹ ግን ይህን አያውቁም፤ «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ይሄዳሉ፤ እሷም ምርቃቱን እየተቀበለች ቀስ በቀስ እጇ የተባረከ መሰላት።

በመስከረም መጀመሪያ አንድ ማስታወቂያ ደረሳት። አዲስ ቦታ ስላለቀ ከእንግዲህ የሟቾች ቦታ ተመልሶ ለተወላጆች ይሰጣል ይላል። አነበበችው፤ «አንብቤያለሁ» የሚለው ላይም ፈረመች። ለላይኞቹ የተጻፈ ነገር መስሏት ነበር።

አሁን የብርቅነሽ ድምፅ በጆሮዋ እየጮኸ የልጅቷን አካል ከፈተች። የታችኛው መደብ ንጹሕ ነው፤ ሴት፣ መስከረም ሃያ አንድ የተወለደች፣ እናቷ ብርቅነሽ። ከሱ በላይ ያለው ግን አቶ ደርሰህ የሚባሉ ሰው ናቸው። አቶ ደርሰህ በነሐሴ የሞቱ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሰባ አራት ኪሎ፣ ሲጋራ በቀን አሥር፣ የልብ ሕመም፣ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ሻይ ያለ ስኳር። የጠባሴ እድር አባል፤ በቀብር ጊዜ ድንኳን ተካይ።

«እትዬ እማዋይሽ፣ እየሰሙኝ ነው?» አለች ብርቅነሽ።

«እየሰማሁሽ ነው። ከዚህ በፊት አንዳች ነገር አልሆነም? አሁን ነው የጀመረው?»

ብርቅነሽ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ጠጋኝ ናት፤ ሰማንያ ሜትር ላይ ተንጠልጥላ ብሎን የምታጠብቅ ሴት በቀላሉ አትደነግጥም። «አውቶቡሱ የሽማግሌ ወንበር ይለቅላት ነበር» አለች። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ እድር ለድንኳን ተከላ ተራሽ ደርሷል ብሎ ጠራት። ሳቅንና ተውነው። እኔ እኮ ዕቃው ተበላሽቶ ነው ብዬ... እትዬ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ነው።»

እማዋይሽ ክው ብላ ቀረች። ያ ሁሉ ምርቃት የት እንደገባ አላወቀችም። ስልኩን ዘግታ ወደ አለቃዋ ክፍል ስትሮጥ የአንድ እግሯ ጫማ ደረጃው ላይ ቀረ፤ ተመልሳ አላነሳችውም።

አለቃዋ አቶ ሙሉሰው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ላይ መጮህ ይቻላል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ስክሪኗን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ ከዚያ ጫማ የሌለውን እግሯን አዩ።

«ይቆይን ተጭነሻል» አሏት።

«ተጭኛለሁ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ አራት።»

አቶ ሙሉሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ቢሮው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ሁለቱ የራሳቸው የልጅ ልጆች በይቆይ የወጡ ናቸው። «መጠገን አይቻልም» አሉ። «ያልተጸዳ ቦታ ላይ የተቀመጠ አካል እላዩ ላይ ቢጽፉበት ከሥር ያለው ይታገላል። ያለው መንገድ አንድ ነው። አፍርሶ እንደገና ማውጣት።»

«ላፍርሰዋ!»

«ለማፍረስ መዝገቡ ምክንያት ይጠይቃል።» ስክሪኑን አዞሩላት። የምክንያቱ ዝርዝር ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ሞት» ይላል፤ የወላጅ አውራ ጣት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው «የአውጪው ስህተት» ይላል። ይህ ሁለተኛው እማዋይሽ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሲነካ አይታው አታውቅም። የነካው አውጪ ያፈረሰውን መልሶ እንዳወጣ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ያወጣውም አካል ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይመረመራል።

«እናትየው ብትፈርም» አሉ አቶ ሙሉሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለአራት ደቂቃ ነው። ልጅቷ ሞተች ማለት እኮ አይደለም፤ ፎርም ነው። ወዲያው ሌላ ታወጪላታለሽ። አንቺም ጡረታሽ አራት ዓመት ቀርቶታል።»

እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ እማዋይሽ በዚያች ሰዓት ብርቅነሽ እንድትፈርም ተመኘች። ፈራች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መስኮቷ ነው ጎረቤቷ፣ መስኮቷ ነው ወሬዋ። ከዚያ መስኮት ውጭ ማን እንደሆነች አስባ አታውቅም። እናም ደወለች፤ እያፈረች፣ ቃላቱን እያድበሰበሰች፣ ለአራት ደቂቃ ብቻ የሆነች ፎርም እንደሆነች አድርጋ ነገረቻት።

ብርቅነሽ እስኪያልቅ አዳመጠቻት። «እትዬ እማዋይሽ» አለች በመጨረሻ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «የፈለጉትን ያድርጉኝ። ማማው ላይ ሥራዬን ይንጠቁኝ፣ ቤቴን ይውሰዱት። ሞት ግን በጣቴ አልፈርምባትም። እሷ እዚህ ከሞት ጋር እየታገለች እኔ እናቷ ለሱ አላግዝለትም።»

እማዋይሽ ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አቶ ሙሉሰውን ሌላ ምንም አልጠየቀቻቸውም። የማውጫ ታብሌቷን ብብቷ ሥር ከታ በአንድ ጫማ ወጣች።

ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡሱም ወዲያው ቆመላት። አልጋው ዘንድ ደርሳ ልጅቷን አየቻት። ከሃምሳ ቀን በፊት መስኮቱ ላይ ስትመጣ ጭብጥ የማትሞላ፣ ግን ቀይና ጠንካራ ነበረች፤ ያኔ እማዋይሽ ተረከዟን ስታስነብብ መስታወቱን በእግሯ ገፍትራው ነበር። አሁን አትገፈትርም። ፊቷ ላይ የተለጠፈው የኦክስጅን ጭምብል ግማሽ ጭንቅላቷን ይሸፍናል።

«ሲስተር» አለች እማዋይሽ፣ «አካሏ ሲፈርስ ኦክስጅኑ ምን ይሆናል?»

ሲስተር ዘሀራ ወጣት ናት፤ ግን ሦስት ቀን እንዳልተኛ ሰው ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መሣሪያውን አየችው። «ይቆማል» አለች። «አካል የሌለበት አልጋ ባዶ አልጋ ነው። ይዘጋዋል።» ከመሳቢያ ውስጥ በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት አወጣች፤ ከጎማው ላይ አቧራውን በመጎናጸፊያዋ ጠረገችው። «ትምህርት ቤት አንዴ ነው የጨመቅኩት፤ ለዚያውም ላስቲክ አሻንጉሊት ላይ። ስንት ደቂቃ ነው?»

«አራት።»

«ቶሎ ካሉ እችላለሁ።»

እማዋይሽ ታብሌቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ምክንያት ሲጠይቃት ሁለተኛውን መስመር ነካች። ከታች ትንሽ ሣጥን ተከፈተና «ምን ሠሩ?» አለ። «ሳላጸዳ ሰጠሁ» ብላ ጻፈች። «ያፈርሱ?» አለ። አዎ አለች።

የአልጋው መሣሪያ ድምፁ ጸጥ አለ። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት እንኳ ደበዘዘ፤ ክፍሉ በሽተኛ የሌለበት መስሎታል። ሲስተር ዘሀራ ጭምብሉን አንስታ ከረጢቱን ገጠመች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ጭምቅ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ጭምቅ። ብርቅነሽ የልጅቷን ሁለት እግር በሁለት እጇ ይዛለች።

እማዋይሽ ቦታ ጠየቀች። መዝገቡ አሁን የተለቀቀውን ያንኑ ቦታ መልሶ ሰጣት። ሳታጸዳ ገልጣ አየችው፤ አቶ ደርሰህ እንዳሉ ናቸው፣ ኪሏቸው፣ ሲጋራቸው፣ ልባቸው። የመጀመሪያውን መደብ ማጽዳት ጀመረች። ማጽዳት ጊዜ ይወስዳል። መዝገቡ ያረጀ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እየዞረ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱን ባዶ ያደርጋል፣ ባዶ መሆኑን ተመልሶ ያያል። አንደኛው ደቂቃ አለፈ። የሰው መደብ ተሞላ። ዜጋ ተጀመረ።

«ምንድን ነው የቆየው?» አለች ብርቅነሽ።

«እየጸዳ ነው።»

«ከንፈሯን እይው! እይው እስቲ!» አክብሮቱ ከአፏ ወድቋል። «ያን ጊዜ በአንድ አፍታ አይደል ያወጣሽላት? ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አይደል የጨረስሽው? አሁን ምን ያንቀራፍፍሻል?»

በስክሪኑ ጥግ «ይቆይ» የምትለዋ ቁልፍ ቁጭ ብላለች። ብትጫናት ኦክስጅኑ አሁን ይመለሳል። ልጅቷም እንደገና ሲጋራ አጫሽ ትሆናለች፤ መድኃኒቱን እንደገና ይከለክሏታል፤ እማዋይሽም ሁለተኛ ልታፈርስ ፈቃድ የላትም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ያም ሆኖ ጣቷ ወደ ጥጉ ሄደ። ሃያ አራት ዓመት የለመደ ጣት ነው፤ እናት ስታለቅስ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በሌላው እጇ ይዛ መለሰችው።

«ያን ጊዜ በአንድ አፍታ የሆነው ስላላጸዳሁት ነው» አለች። «እኔ ነኝ ብርቅነሽ። ዕቃው አልተበላሸም። ስታለቅሺ አሳዘንሽኝና ዘልዬው ሰጠሁሽ። ልጅሽን እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ።»

ብርቅነሽ ቀና ብላ አየቻት። ከረጢቱ ብቻ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ጭምቅ። የሲስተር ዘሀራ ላብ ከግንባሯ ወርዶ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ደቂቃ አልቆ ሦስተኛው ገባ። የአቶ ደርሰህ መስመሮች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ልብ፣ ባዶ። ኪሎ፣ ባዶ። ግራ ጆሮ፣ ባዶ። ሾፌር፣ ባዶ። እማዋይሽ ሰውየውን አታውቃቸውም፤ ሆኖም ሻይ ያለ ስኳር የሚለውን እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። እሳቸው ምን አጠፉ? ይዘውት የሄዱ የመሰላቸውን ነገር ነው ያልጠረገችላቸው። ሟቹንም ሕፃኗንም እኩል ነው የበደለችው።

ነዋሪ ጸዳ፤ ነዋሪ ተሞላ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። መዝገቡ ስም ጠየቀ።

እማዋይሽ ቀና አለች። «ስም» አለች በቀስታ። «ያለ ስም አይዘጋም። ሰማንያዋ ሃያ አንድ ቀን እንደቀራት አውቃለሁ።»

ብርቅነሽ የልጅቷን እግር ለቀቀች። ሴትየዋ አሁን በሰማችው ነገር ተቃጥላለች፤ ልትመታትም ትችል ነበር፤ እማዋይሽ እንደዚያ ጠብቃ አንገቷን አቀርቅራ ነበር። ብርቅነሽ ግን አልጋውን ዞራ መጣች፤ ጎንበስ አለችና የልጅቷ አባት እንኳ ያልሰማውን፣ ቄሱም ያልሰሙትን ስም በእማዋይሽ ጆሮ ተናገረች። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ ሰማንያ ቀኗ ገና ነው።

እማዋይሽ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታች፤ እንዳትሳሳት ሁለት ጊዜ አየቻቸው። አስገባችው። አካሉ ተዘጋ።

መብራቱ ፈካ። መሣሪያው ተነሣና የልጅቷን ክብደት አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ብሎ አነበበ፤ ኦክስጅኑን ለቀቀ፤ ጥቂት አስቦ መድኃኒቱን በጠብታ ጀመረ። ሲስተር ዘሀራ ከረጢቱን አስቀምጣ ጣቶቿን ለመዘርጋት ሞከረች፤ አልዘረጋ ቢሏት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። የእማዋይሽ ታብሌት ያን ጊዜ ጠፋ። ብትነካካው አልተነሣም፤ ፈቃዷ ተሰርዟል። አዘነች፤ ግን የፈራችውን ያህል አልነበረም።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ የልጅቷ ደረት መሳብ ተወ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀለሙን አገኘ። አንዴ ዓይኗን ገልጣ ማንንም ሳታይ መልሳ ጨፈነች። ሲስተር ዘሀራ ልብስ ለመቀየር ወጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እማዋይሽ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን አልጋው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተለጥፋለች። ይቅርታ ልትል ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ቃሉ ለዚህ ነገር ትንሽ ሆነባት።

ብርቅነሽ ልጇን ጭምብሉን እንዳደረገች ከአልጋው አንስታ ታቅፋለች። ማማ ላይ ገመድ የለመደ ክንዷ ከሦስት ቀን እንቅልፍ እጦት በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዙሪያዋን አየች፤ ከእማዋይሽ በቀር ማንም የለም። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ልጅቷን እማዋይሽ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። እማዋይሽ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሕፃን አካል አውጥታለች፤ አንዱን እንኳ ታቅፋ አታውቅም። መስታወት በመሃል ነበር። አሁን ሙቀቱ በቀሚሷ ውስጥ አልፎ ሲሰማት እንባዋን መያዝ አቃታት፤ ልጅቷ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

ብርቅነሽ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን እያሻሸች ቆየች።

«እንደኔ ሌሎች አሉ?» አለች በመጨረሻ።

«አሉ።»

«ስንት?»

እማዋይሽ መቁጠር አላስፈለጋትም፤ ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስትቆጥራቸው ነው የዋለችው። «ከመስከረም ወዲህ ሠላሳ» አለች። «ቢሮው ይመረምራቸዋል። ደንቡ ነው። ግን ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ካወጣሁት ነው የሚጀምሩት፤ በተራ። መስከረም ላይ ለመድረስ ወራት ይፈጅባቸዋል።»

«እናቶቻቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እነሱም ዕቃው ተበላሸ ብለው ይስቁ ይሆናል።»

ብርቅነሽ መጥታ ልጇን ከጭኗ አነሣች። ጭምብሉን አስተካከለች፤ ጨርቁን ጠቀለለችላት፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ እማዋይሽን አላየቻትም። ከዚያ ቀና አለች።

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለው ምን ይሠራሉ?» አለቻት።

እማዋይሽ ተነሣች። ብርቅነሽ ከአልጋው ሥር የራሷን ነጠላ ጫማ በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠቻት። ልኳ አልነበረም፤ ትንሽ ጠበባት፤ ቢሆንም አደረገችው። የሁሉንም ቤት ታውቃለች፤ አድራሻቸውን በእጇ ነው የሞላችው። የመጀመሪያው የሠላሳ አምስት ቀን ወንድ ልጅ ነው፣ ጠባሴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። በእግሯ ሄደች፤ በሩን አንኳኳች፤ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ስትከፍትላት በፈገግታ «እንዴ፣ እትዬ እማዋይሽ!» አለቻት።

«ጥፋት አጥፍቼ ነው የመጣሁት» አለች እማዋይሽ። «ልግባና ልንገርሽ።»